ዘጠና ሰከንድ

የሕንፃችን ደረጃ መብራቱ ንፉግ ነው፤
ቁልፉን የተጫነ ለዘጠና ሰከንድ ብቻ ነው የሚያየው።
እኔው ነኝ የገጠምኩት፣ ጡረታ ሳልወጣ፣
የጋራው ቆጣሪ ጉድ እንዳያመጣ።
ኦራን ነው፣ ከወደቡ ከፍ ብሎ፣ አምስት ፎቅ ሽቅብ፣
ጠዋት የዓሣ ሽታ፣ ማታ ጩኸት የመርከብ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የነጁሄር ቤት አለ፣
ሰባት ነፍስ በሁለት ክፍል እየተጋፋ የዋለ።
መንትዮቹ ያለቅሳሉ፣ ቴሌቪዥኑ ያወራል፣
አያትየው በሬዲዮ ሞገድ ሌላ አገር ይፈልጋል።
እሷ ደብተሯን ይዛ ትወጣለች ማታ ማታ፣
ካርቶን አንጥፋ ትቀመጣለች
ከአሥራ አራተኛው እርከን፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ።

ባካሎሪያ ነው።
አምና ዘጠኝ ተኩል አመጣች፤ ማለፊያው ነበር አሥር፤
የግማሽ ነጥብ ዕዳ፣ ወለዱ አንድ ዓመት፣ እንዲህ ያለም አለ ብድር!
እናቷን፣ የክሊኒክ ወለል ስታጥብ፣ «ልጅሽስ?» ሲሏት፣
«ታጠናለች» ትላለች፤ ሌላ ቃል አልቀራት።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ከእንቅልፍ ጋር ከተኳረፍኩ ሰነበትኩ፤
ቀጭ ይላል ቁልፉ፤ ጸጥታ፤ ደግሞ ቀጭ፤
ሌሊቱን በእሷ ጣት ቆጠርኩ።
አንድ ማታ አንጀቴ አልችል አለና መፍቻዬን ይዤ ወረድኩ፣
ዘጠናዋን ሰከንድ አሥር ደቂቃ አድርጌ ለጠጥኩ።
ለነዋሪው ማኅበር አልነገርኩም፤ ሂሳቡ ቢመጣ እከፍላለሁ፤
እንዲህ ነው የሚሞኝ ሽማግሌ፣ ደግ ሠራሁ ብዬ ተኛሁ።

በነጋታው በሬ ተንኳኳ።
ጁሄር ናት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ደብተሯ በብብቷ።
«ሲ ላኽዳር፣ መብራቱን እንደነበረ ይመልሱልኝ።»
«ምነው ልጄ?»
«ጨለማዬን ወሰዱብኝ!
በብርሃኑ አነባለሁ፣
ሲጠፋ ደግሞ ያነበብኩትን በቃሌ እወጣለሁ።
ገጹ ላይ ዓይኔን ስተክልማ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል፤
ለካ ገጹ ነው የሚያውቀው፤ አምና እንዲህ ሆኖ ጥሎኛል።
መብራቱ ሲጠፋ ያልጠፋኝ፣ እሱ ብቻ ነው የኔ፤
የቀረው የመጽሐፉ ነው፣
ደግሜ እፈልገዋለሁ ቁልፉን ተጭኜ።»

መለስኩላት። ምን እላለሁ? አርባ ዓመት መብራት ስዘረጋ፣
ጨለማም ሥራ እንዳለው አላወቅሁም፣ ያ ጠዋት እስኪነጋ።

ሰኔ ገባ። ሙቀቱ ከግድግዳው ላብ አወጣ።
እንደ ልማዱ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ ተቆረጠ፣
ኩረጃ እንዳይመጣ።
የታክሲው ሰው ካርታ አጥቶ መንገድ ሲጠይቅ ዋለ፤
ዳቦ ቤቱ «ለተፈታኝ በነጻ» የሚል ወረቀት ሰቀለ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት የለም፤
አጠገቧ የተቀመጠች የሰፈር ልጅ ናት ያወራች፦
የፍልስፍናው ዕለት፣ ጥያቄው ሲታደል፣
ጁሄር ዓይኗን ጨፈነች።
ፈታኟ አመማት ብላ ቀርባ ጎንበስ አለች፤
ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።
ዘጠና ድረስ ቆጥራ፣
ቀጭ፣
ብዕሯን አነሳች።

ውጤቱ ገና ነው። ሐምሌ አጋማሽ ይላሉ።
እናቷ ወለሉን ታጥባለች፤ ጠያቂዎቹም ይጠይቃሉ።

ትናንት ማታ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ሰው የለም።
ካርቶኑ ብቻ፣ በመቀመጫዋ ልክ ጎድጉዶ።
ቁልፉን ሳልጫን ተቀመጥኩበት።
ትምህርት ቤትን በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው የተውኩት፤
ከዚያ ምን እንደቀረኝ በጨለማው ፈለግሁት።
ሰባት ጊዜ ሰባት፣ አርባ ዘጠኝ።
ሰባት ጊዜ ስምንት፣
ሰባት ጊዜ ስምንት፣

ጣቴ ቁልፉን ሲዳስስ ያዝኩት።
ትንሽ ልቆይ አልኩ።
ይመጣል።